ለራስ የሚሰጥ ድምፅ

ሁለቱ ተፎካካሪዎች ወደ ምርጫው የሄዱት በአንድ መኪና ነው።

መኪናው የዴልበርት ነበር፤ ጎኑ በጭቃ የተለሰነ ሰማያዊ ፒክአፕ። አርዲስ ሃውገን ከአጠገቡ ተቀምጣ ከምድጃ ገና የወጣ ትልቅ ሳህን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከታች የተፈጨ ሥጋ፣ ከላይ የተጠበሰ ድንች፤ በዚያ አገር ሆትዲሽ ይሉታል፤ ያለ እሱ ስብሰባም ሆነ ቀብር አይካሄድም።

«ቀስ በል» አለችው መታጠፊያው ላይ። «ይሄ ከፈሰሰ የምትጠርገው አንተ ነህ።»

«ጉቦ ይዘሽ እየሄድሽ ደግሞ ቀስ በል ትይኛለሽ?»

«ጉቦ አይደለም፤ ምሳ ነው።»

«አምና ያመጣሽው አይብ አልነበረውም። ዘንድሮ አይብ ጣል ተደርጎበታል። ዓይን የለኝም መሰለሽ?»

«አንተስ ትናንት የማርጎን የሣር ማጨጃ በነፃ ጠግነህ የለም?»

«እሱማ ጉርብትና ነው።»

«ስድስት ወር ቆሞ ለከረመ ማጨጃ በምርጫው ዋዜማ ጉርብትና ትዝ አለህ?»

ዴልበርት ራዲዮኑን ከፍ አደረገ። በስተግራ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። በረዶው ከቀለጠ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ውሃው ከክረምቱ ገና ያልነቃ ይመስላል። ራዲዮኑ የሚያወራው ሰሞኑን አገሩ ሁሉ የሚያወራውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በግንቦት አጋማሽ ከፓርቲያቸው የፕሬዚዳንት ዕጩዎች አንዱ ሌሎቹን ጥሎ ሄዷል። የሐምሌው ጠቅላላ ጉባኤም ፊኛ ከጣሪያ የሚለቀቅበት፣ አስቂኝ ባርኔጣ የሚደፋበት ድግስ ብቻ ይሆናል። ዘንድሮ ግን ሦስት ሆነው ቀሩ፤ አገረ ገዥዋ ዊትኮም፣ ሴናተር ባርልስና ከንቲባ ኦንቲቬሮስ። አንዱ አንድ ግዛት ሲያሸንፍ ሌላው ሌላውን እያሸነፈ፣ ማንም ከግማሽ በላይ ተወካይ ሳይዝ ወራቱ አለቁ። በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ያለፈ ከሌለ ደግሞ ተወካዮቹ ከገቡት ቃል ነፃ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ሰው እስኪያሸንፍ፣ ዙር በዙር ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ጉባኤ ያየ ሰው ፍለጋ ጋዜጠኞች የሽማግሌ መጦሪያ ቤቶችን እያንኳኩ ነበር።

የቤክለንድ አውራጃ ወደ ጉባኤው የሚልከው አራት ሰው ነው። ሦስቱ ለሦስቱ ዕጩዎች አስቀድመው ተመርጠዋል። የቀረችው አንዲት ወንበር ለማንም ቃል ያልገባ ሰው የሚቀመጥባት ናት። ሌላ ዓመት ወንበሯን ሰው እየተለመነ ነበር የሚይዛት። ዘንድሮ አራት ሰው ተመዘገበላት፤ ከአራቱ ሁለቱ ይኸው በአንድ ፒክአፕ ይሄዳሉ።

ወንበሯን በጣም ይፈልግ የነበረው ሰው ጌለን ነበር፤ የአርዲስ ባል። በአራት ዓመት አንዴ ቴሌቪዥኑ ፊት የቀርከሃ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና፣ እያንዳንዱ ግዛት በተራው ተነስቶ ስለ በቆሎው፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ቼሪው እየፎከረ ድምፁን ሲያስመዘግብ አንድም ሳያመልጠው ያዳምጣል። ውጤቱ ከወራት በፊት የታወቀ ነው። እሱ ግን «አንድ ቀን ሁለተኛ ዙር ይመጣል» ይላል። አርዲስ «ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ብላ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች። ጌለን ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ።

አርዲስ ስለዚህ ብዙ አታወራም። ባለፈው የካቲት የፓርቲው የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ የሄደችው ማክሰኞ ምሽት ቤቱ ጭር ስለሚል ነበር። ከዚያ ሌላ ስብሰባ መጣ። ከዚያ ሌላ። ሰዎች «እንዴት ነው ነገሩ?» ሲሏት «ጌለን ደስ ይለው ነበር» ትላለች፤ ያን ስትል የሚቀጥል ጥያቄ አይኖርም።

የቤክለንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ መቶ ሰላሳ የሚሆን ሰው ሞልቶታል። በቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ረጃጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ሆትዲሽ ከሆትዲሽ አጠገብ፣ ሩባርብ ከሚሉት ኮምጣጣ ተክል የተሠራ ኬክ ከመሰሉ አጠገብ ተደርድሯል። ሰብሳቢዋ ማይ ቫንግ የከተማዋ ፋርማሲ ባለቤት ናት፤ ገና አርባ አልሞላትም፤ ድምፅ ማጉያው ቢበላሽም የሚሰማ ድምፅ አላት።

«ወይዘሮ ሃውገን» አለች ሳህኑን ስትቀበል፤ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አየች። «አይብ።»

«ምሳ ነው፣ ማይ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

ከኋላቸው ቶድ ሺልደር የፓርቲውን መተዳደሪያ ደንብ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ቶድ ደንቡን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይልቅ በደንብ እንደሚያውቅ ያምናል፤ በየስብሰባው እጁ የሚወርደው ምሳ ሲደርስ ብቻ ነው።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ» አለ። «ተወዳዳሪ ምግብ ማምጣት ይፈቀድለታል?»

«ቶድ» አለችው አርዲስ፣ «የስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ ለክትባት ስትመጣ ወንበር ሥር ገብተህ ያወጣሁህ በምን ነበር?»

ቶድ ጥቂት አሰበ። «በብስኩት።»

«ያኔ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነበረህ?»

አርዲስ ሰላሳ አራት ዓመት የአውራጃው ነርስ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ግማሹን በመርፌ ወግታለች፤ የቀሩትን ሚዛን ላይ አቁማለች።

ምርጫው ከምሳ በኋላ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የንግግር ጊዜ ተሰጠው። ቀድሞ የተነሳው ከትልቁ ከተማ መጥቶ ሐይቁ ዳር ቤት የሠራው ጠበቃ ኩንዝ ነው። «ለዚህ ወንበር ከእኔ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም» ብሎ ጀመረ። ንግግሩ መጥፎ አልነበረም። ቤክለንድ ውስጥ ግን ሰው ስለ ራሱ እንዲያ አይልም። አንዱ ሳለ፤ አንዱ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ፣ «እኔ እንኳ ስሜን ያስመዘገብኩት ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው፤ ሰው አልጠፋም» ብላ ተቀመጠች። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቸራት።

ዴልበርት ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ።

«አርዲስን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ» አለ። «መርፌ ይዛ ስትመጣ 'አያምም' ብላ ዋሽታችሁ ታውቃለች? አታውቅም። 'ያማል፤ ክንድህን አላላ' ነው የምትለው። የሐምሌው ጉባኤ ላይ የሚመጡት ሁሉ 'አያምም' የሚሉ ናቸው። ስለዚህ እሷን ላኳት።» ከዚያ ተቀመጠ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልወጣውም።

አርዲስ በተራዋ ተነሳች። «ዴልበርት ስኩግ በአርባ ዓመት ከአንድም ስብሰባ አልቀረም» አለች። «ሁሉም ላይ አንቀላፍቷል።» አዳራሹ ሳቀ። «ግን ድምፅ ሲሰጥ አንድም ቀን ተኝቶ አላገኘሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ምጥ የያዛት ላም አጠገብ ቆሞ ያደረ ሰው፣ ጉባኤው ሦስት ቀን ቢቆይ አይሰለቸውም። እሱን ላኩት።»

በመጀመሪያው ዙር ጠበቃው ወደቀ፤ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛም ደስ እያላት ራሷን አገለለች። በሁለተኛው ዙር ቆጣሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ የትግል ስፖርት አሠልጣኝ ቢሮ ወጥተው ወረቀቱን ለማይ ሰጧት።

«ስልሳ ሦስት ለስልሳ ሦስት» አለች ማይ። «እኩል። እንደገና።»

ሦስተኛው ዙርም ስልሳ ሦስት ለስልሳ ሦስት ሆነ።

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዳንዱ ተደሰተ፤ በቴሌቪዥን ሲያወሩለት የከረመው ነገር ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። ከፍ ካለው የእንጨት መቀመጫ ላይ «ሐምሌ ለምን እንጠብቃለን፤ ይኸው እዚሁ ተጀመረ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቶድ እጁን አነሳ።

«ስንተኛህ ነው ዛሬ?» አለችው ማይ።

«ይሄ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አይደለም፤ የማብራሪያ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎችም ድምፅ ይሰጣሉ አይደል?»

«ይሰጣሉ።»

«ለማን ነው የሚሰጡት?»

«ድምፅ ምስጢር ነው፣ ቶድ።»

«አውቃለሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ ብቻ።»

«ለአርዲስ ነዋ» አለ ዴልበርት ከተቀመጠበት። «ለማን ልሰጥ ኖሯል?»

ሰው ሁሉ ወደ አርዲስ ዞረ። ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። «ለዴልበርት» አለች።

ማይ ቫንግ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ በሩ ደረሰ። ዴልበርት ራሱ በኮፍያው ፊቱን ሸፍኖ ይስቃል። በዚያ አገር የኬኩ የመጨረሻ ቁራሽ ሳህን ላይ ሲቀር ማንም አያነሳውም፤ አንዱ መጥቶ ግማሹን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሹን ግማሽ፣ በመጨረሻ ፍርፋሪ ይቀርና የሚያጥበው ሰው ይበላዋል። ለራስ ድምፅ መስጠትም ከዚያ የባሰ ነውር ነው፤ ሕግ ሆኖ የጻፈው የለም፤ የማያውቀው ግን ጠበቃ ኩንዝ ብቻ ነበር።

ቶድ ግን አልሳቀም። በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

«ሁለታችሁም ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ለየራሳችሁ ብትሰጡም እኩል ነው የሚሆነው» አለ። «የሌላው ሰው ሐሳብ ካልተቀየረ፣ ይሄ ነገር የሚፈታው አንዳችሁ ለራሳችሁ ሰጥታችሁ ሌላችሁ ካልሰጣችሁ ብቻ ነው።»

ቶድ አጸያፊ ነገር የተናገረ ይመስል የጎኑ ሰው ከእሱ ራቅ አለ።

«አራተኛው ዙርም እኩል ከሆነ ደንቡ ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ ይውጣ ይላል» አለች ማይ። «እኔ አገር በባርኔጣ ሲመራ ማየት አልፈልግም። አሥር ደቂቃ ዕረፍት። ኬክ አለ። እባካችሁ የመጨረሻዋን ቁራሽ አንድ ሰው ይብላት።»

አርዲስ ወደ መተላለፊያው ወጣች። የተማሪዎቹ ቁም ሳጥኖች በሁለቱም ወገን ተሰልፈዋል፤ ከመጨረሻው መስኮት የመኪና ማቆሚያውና ከዚያ ወዲያ ትንሽ የሐይቁ ጫፍ ይታያል። ዴልበርት ተከትሏት መጥቶ ከውሃ መጠጫው አጎንብሶ ጠጣና አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ትፈልገዋለህ?» አለችው ሳትዞር።

«ወንበሩን?»

«ሌላ ምን አለ?»

ዴልበርት ቁም ሳጥኑን ተደገፈ። «እፈልገዋለሁ» አለ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል። ያን አዳራሽ በዓይኔ ባየው እወዳለሁ። አንቺስ?»

«ጌለን ቢኖር…»

«ስለ ጌለን አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ጌለን ጓደኛዬ ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ተውሶ፣ ሰብሮ፣ በፕላስተር አጣብቆ እንዳልተሰበረ አድርጎ መልሶልኛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ለሞተ ሰው ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው። ካላመንሽ ቶድን ጠይቂው።»

አርዲስ ሳቋን ለመያዝ ጊዜ አላገኘችም። ሳቁ ባዶውን መተላለፊያ ሞላው፤ እሷን ራሷን አስደነገጣት። ዴልበርት ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው፤ አላቻኮላትም።

«በጣም ነው የምፈልገው» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት ዜናውን ለመስማት ደወሉ ሳይጮህ እነቃለሁ። የኔቫዳ ግዛት ውጤት የወጣ ቀን ቂጣዬን አሳርሬ፣ ያረረውን ቂጣ እየበላሁ ቆሜ አዳመጥኩ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ሁለተኛ ዙር ካልጠየቀኝ ቅር ይለኛል። እሱ ስላለው አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው።» ቆም አለች። «ያስቸገረኝም ይሄ ነው።»

«የቱ?»

«ደስ ማለቱ። የእሱን ድርሻ የበላሁበት ይመስለኛል።»

ዴልበርት ኮፍያውን በእጁ ሁለት ጊዜ አዞረው።

«በሽታ አይደለም፣ ነርሷ» አለ።

ከአዳራሹ ውስጥ ማይ ስትጣራ ተሰማ። ጎን ለጎን ወደ በሩ ሄዱ።

«አንተ ለማን ልትሰጥ ነው?» አለችው።

«ድምፅ ምስጢር ነው።»

«ቅድም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናግረህ የለም?»

«ያ ያለፈው ዙር ነው።»

ትንሿ ሮዝ ወረቀት እጇ ገባች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እጇ እንደ ልማዷ ወደ ዴልበርት ስም ልትሄድ ነበር፤ አስቆመቻት። የራሷን ስም ለጌለን ብላ ልትጽፍ አሰበች፤ እንደዚያ ቢሆን ቀላል ነበር፤ የሚያሳፍርም የሚያስጠይቅም አይሆንም። ብዕሩ ግን አልታዘዛትም፤ እውነት አልነበረማ። እሷ ናት የምትፈልገው። አርዲስ ሃውገን፣ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ሺህ ሰው በሚጮህበት አዳራሽ፣ ከጧት እስከ ማታ መቀመጥ ትፈልጋለች። እንደ በሽተኛ ካርድ ላይ፣ ሌላ ነርስ በስህተት እንዳታነበው አድርጋ፣ ስሟን ከነቤተሰብ ስሟ በግልጽ ጻፈችው። አራት ቦታ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ቆጣሪዎቹ ቆዩ። ሲመለሱ አንደኛው ፈገግታውን ሊደብቅ እየታገለ ነበር።

ማይ ወረቀቱን አነበበች፤ ቀና ብላ አዳራሹን አየች። «ስኩግ፣ ስልሳ ሁለት። ሃውገን፣ ስልሳ አራት።»

ጭብጨባው ወዲያው አልመጣም። መቶ ሰላሳ ሰው ቶድ ቅድም የቆጠረውን እየቆጠረ ነበር። ሁለቱ እርስ በርስ ሲሰጣጡ እኩል ነበሩ። አሁን አንድ ድምፅ ከዚህ ወደዚያ ተሻግሯል። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም። ዓይኑ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እሷ መጣ።

አርዲስ ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም ፊት ለፊት አይጠይቃትም፤ ቤክለንድ ነው። ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለራሴ ነው የሰጠሁት። ወንበሩን ስለምፈልገው ነው።»

ከእንጨቱ መቀመጫ የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማጨጃዋ የተጠገነላት የዘጠና ዓመቷ ማርጎ፣ በከዘራዋ ወለሉን አንዴ መታች።

«እሺ» አለች ሁሉም እንዲሰማ፤ «እስከ አሁን ምን ይዞሽ ነበር?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማይ በድምፅዋ እንኳ ልትገታው አልቻለችም። ከላይ ያሉት የእንጨቱን መቀመጫ በእግራቸው ይደልቁታል፤ አቧራው ከሥሩ ይወጣል። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አርዲስን አቀፈቻት። ጠበቃ ኩንዝ መጥቶ እጇን ጨበጠና «እኔም ለራሴ ነበር የሰጠሁት» ብሎ በጆሮዋ ነገራት፤ «ይታወቃል» አለችው፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሲስቅ አዩት።

ዴልበርት በሰው መሐል ተጋፍቶ ደረሰ።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ለራሴ ልጽፍ ወስኜ ነበር» አለ። «መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት። ያለ መነጽር መጻፍ የምችለው ስም ያንቺ ብቻ ሆነ።»

«መነጽርህ ኪስህ ውስጥ ነው።»

ዴልበርት ኪሱን ዳበሰ። «አየሽ፣ ይሄን ቢያውቁ ጭራሽ አይመርጡኝም።»

ቶድ እጁን አነሳ፤ ማንም ስላላየው ወንበር ላይ ወጣ። «የውሳኔ ሐሳብ!» አለ። «ተጠባባቂ ተወካይም መምረጥ አለብን። ዴልበርት ስኩግ በጭብጨባ ይመረጥ።» ተጨበጨበ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለ ዴልበርት።

«አብረህ ትሄዳለህ» አለች ማይ። «ከላይ ተመልካቹ ጋ ትቀመጣለህ። ወይዘሮ ሃውገን ለአፍታ ከወጡ ወንበራቸው ላይ ትተካለህ፤ በዚያ መሐል ድምፅ ከተጠራ አንተ ትሰጣለህ።»

ዴልበርት ወደ አርዲስ ዞረ። «እንግዲህ እዚያ ስንደርስ ውሃ በደንብ ጠጪ። ለጤና ጥሩ ነው፤ አንቺው ነሽ ስትመክሪን የኖርሽ።»

ሰው ተበታትኖ፣ ፀሐይ በከፍተኛው መስኮት ገብታ በባዶው ወለል ላይ ረዝማ ስትጋደም፣ ሁለቱ የትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበር። ወንበር አሸንፋም ቢሆን ሳህን የማጠቡ ተራ የእሷ ነበር። ዴልበርት እያደረቀ ይደረድራል። ጣቱ ላይ የነበረችውን የኬክ ፍርፋሪ ላሰ።

የአርዲስ ስልክ ጮኸ። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው፤ ዴልበርት አንስቶ ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«ወይዘሮ ሃውገን?» አለ የወጣት ድምፅ። «እንኳን ደስ ያለዎት። ከአገረ ገዥ ዊትኮም የምርጫ ዘመቻ ነው የምደውለው። አገረ ገዥዋ ራሳቸው ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ፤ እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ።»

«ዕቃ እያጠብኩ ነው» አለች አርዲስ። «እጄን እስክጠርግ እሳቸው ይጠብቁ።»

ዴልበርት ስልኩን ሊጥለው ነበር። አርዲስ ሳትቸኩል አረፋውን አራገፈች፤ እጇን ጣት በጣት ጠረገች፤ አውልቃ ያስቀመጠችውን ቀለበቷን መልሳ አደረገች። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችው።

«ወይዘሮ ሃውገን፣ ካትሪን ዊትኮም ነኝ» አለ የታወቀው ድምፅ። ጠዋት ጠዋት በራዲዮ የሚሰማው ያው ነው፤ አሁን ግን ትንሽ ጎርነን ብሏል፤ አገረ ገዥዋ ደክሟቸዋል። «ምናልባት ለምን እንደደወልኩ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ሌሎቹም ሳይደውሉ አይቀሩም።»

«ቀደምኳቸው ማለት ነው።»

«ቀድመዋል፤ ግን በመቅደም አልመርጥም» አለች አርዲስ። «ጥያቄ አለኝ። የአውራጃችን ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ከዘጋ ስድስት ዓመት ሆነው። ምጥ የያዛት ሴት በበረዶ አንድ ሰዓት ተኩል ትነዳለች። በአውራ ጎዳናው ዳር፣ መኪና ውስጥ፣ እኔ ራሴ ሁለት ልጅ ተቀብያለሁ። ምን ሊያደርጉ አስበዋል?»

አገረ ገዥዋ መለሱ። መልሱ የገጠሩን ሕዝብ ጽናት ያመሰግናል፤ ስለ ነገ ተስፋ ያወራል፤ መጨረሻው ያምራል። ዴልበርት ከስልኩ የሚያመልጠውን እየሰማ ሳህኑን ማድረቅ ረስቷል።

አርዲስ እስኪጨርሱ ጠበቀች። «ይሄ መልስ አይደለም» አለች።

ዴልበርት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከወዲያ በኩል አጭር፣ ያልተዘጋጀ ሳቅ መጣ።

«አይደለም» አሉ አገረ ገዥዋ። «ልክ ነዎት፤ አይደለም። ይቆዩ፣ ልቀመጥ።» ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ሰው «የሚቀጥለው ቀጠሮ» ሲል፣ እሳቸውም «ይቆይ» ሲሉ ተሰማ። ከዚያ ስለ አዋላጅ ነርሶች ደሞዝ፣ ሆስፒታሎቹ ለምን እንደሚዘጉ፣ እሳቸው ሞክረው ስላልተሳካላቸው ነገር መናገር ጀመሩ። ይሄኛው አያምርም ነበር፤ መሐሉ ላይ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል። አርዲስ ከማዕድ ቤቱ ጥግ ባለሦስት እግሯን በርጩማ በእግሯ ስባ ተቀመጠች፤ አንዳንዴ «እህ» ትላለች፤ አንዳንዴ «እሱማ እኛም አየነው» ትላለች። ጉንጯ ቀልቷል። ዴልበርት እንዲህ ያያት ከስንት ጊዜ በፊት እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረና ተወው። የቀሩትን ሳህኖች ራሱ አጥቦ ጨረሰ።

«ገባኝ» አለች አርዲስ ሲያበቁ። «ለማን እንደምሰጥ ገና አላውቅም፤ ከሐምሌ በፊትም ላላውቅ እችላለሁ።»

«ይገባኛል። እኔም ብሆን…»

«አልጨረስኩም» አለች አርዲስ፣ በርጩማዋ ላይ ተመቻችታ። «ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ…»